ሽማግሌ የተላከበት ደመወዝ

መጀመሪያ ከሰበታ ወደ ስዊድን በወጣሁበት ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አባቴ ኦቦ ደገፋ ከዘራቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እናቴ ከጓዳው ደጃፍ አልወጣችም፤ አንድ እጇ መቃኑ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለማ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ጅማ መንገድ ዳር አውቶቡስ ይጠብቃል። ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ ከተፍኪ ገበያ በቀጥታ ስለመጡ የበቅሏቸውን ልጓም እንደያዙ ከባሕር ዛፉ ሥር ናቸው። ከመንዝ መጥተው ሰበታ ላይ ሱቅ የከፈቱት አቶ ወልዴ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። የንስሐ አባታችን ቄስ አበራ ከሁሉም ፊት መስቀላቸውን አውጥተው ቆመዋል። እኔ መሐል ነበርኩ። የሚሄድ ሰው መቆሚያ ቦታ የለውም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ጉልበት ይስማል።

ቄስ አበራ ባርከው ሲጨርሱ አባቴ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ኢንጂነር ሆነሽ ነይ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ሌላ ምክር አልጨመሩም። ለማ ከውጭ "መጣ፣ መጣ" ብሎ ሲጣራ ወጣሁ። ወደ ኋላ አላየሁም፤ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆሜ ነው የሄድኩት።

ይህን የምጽፈው እዚህ ስዊድን፣ ዬተቦሪ ከተማ፣ በጡረታ ላይ ሆኜ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ልጆችም፣ ከአገር ቤት የሚደውሉልኝም ዘመዶች ጥያቄ አያልቅባቸውም። ኢንጂነር ስንት ይከፈለዋል? ወደፊትስ እድገት አለው? ወዲህ ልምጣ ወይስ እዚያው ልቅር? እኔ የማውቀው በንጉሡ ዘመን የነበረውን፣ የራሴን ብቻ ነው። እሱን እነግራችኋለሁ።

አባቴ ስለ ምህንድስና የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። ሰበታ ላይ ፋብሪካ ሊሠራ ሲል ቀያሾች መጥተው ባለሦስት እግር መሣሪያ ማሳችን ላይ ተከሉ። ከመካከላቸው አንደኛው ኢንጂነር የሚባለው ነው። እሱ በመሣሪያው አይቶ እጁን ሲያወዛውዝ ሌሎቹ ችካል ይመታሉ። ችካሉ የገብስ ማሳችንን ለሁለት ከፈለው። አባቴ ካሳውን ተቀበሉ፣ በሬዎቻቸውንም ከችካሉ ወዲህ መለሱ። "ያ ሰው አልጮኸም፣ ዱላም አልያዘም፤ እጁን ብቻ ነው ያወዛወዘው" ይሉ ነበር። ከልጆቻቸው አንዱ ከመሣሪያው ኋላ እንዲቆም ፈለጉ። ለማ ትምህርት አልሆነለትም። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ሆነ።

አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ ጨረስኩ፤ የንድፍ ትምህርትም ተጨማሪ ወሰድኩ። ከዚያ እዚያው ማሳችን ላይ በቆመው ፋብሪካ፣ በቴክኒክ ክፍሉ ንድፍ ሠሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ሙሴ ጆርጆ የሚባል ጣሊያን ነበር። እሱ በእርሳስ የሞነጫጨረውን እኔ በልኬት አስተካክዬ፣ በቀለም አወጣዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደመወዜ ዘጠና ብር ነው፤ የእሱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንደሆነ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነግሮኛል። የደበረኝ ልዩነቱ አልነበረም። ከእኔ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንድፍ ሠሪ ሆነው ኖረው፣ በዚያው በርጩማ ላይ ጡረታቸውን ይጠብቃሉ። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ራሴን አያለሁ።

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ መኩሪያ ቢሮ ገባሁ።

"ደመወዜን እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ምን ሆነ? አነሰ?"

"አንሷል።"

"የሰበታ ልጅ አይደለሽም እንዴ? የቤት ኪራይ የለብሽ፣ የአውቶቡስ አታወጪ። እህሉ ካባትሽ ጎተራ ነው። ዘጠና ብሩን ራሱ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ሙሴ ጆርጆም የቤት ኪራይ የለበትም። ቤቱን ፋብሪካው ነው የሰጠው።"

"እሱ ኢንጂነር ነዋ" አሉኝ። ተናደው አልነበረም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት። "አንቺም ስትሆኚ እንነጋገራለን።"

በዚያ ሰሞን የአዲሱን አዳራሽ ጣሪያ ለማየት አንድ የስዊድን መምህር ከአዲስ አበባ ይመላለስ ነበር፤ ሚስተር ኒልሰን ነው ስሙ። ንድፎቼን አየ። በአገሩ አንድ ሰው ቀን ንድፍ ሠሪ ሆኖ እየሠራ፣ ከሥራ በኋላ በሚሰጥ ትምህርት ኢንጂነር ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ሴት ቢሆንም? አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ የሚከለክል ደንብ አላውቅም አለ። መርከብ ወደሚሠራበት አንድ ድርጅት ጻፈልኝ፤ እሺ የሚል መልስ መጣ።

ፓስፖርት ለማውጣት የቀረብኩበት ሹም ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

"ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?"

"ብቻዬን።"

"እዚያስ ማን ይቀበልሻል?"

"መሥሪያ ቤቱ።"

"መሥሪያ ቤት ባል ነው እንዴ? ሄደሽ ምን ልትሆኚ ነው?"

"ኢንጂነር።"

አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ጠራው። "ስማ፣ ይቺ ልጅ ድልድይ ልትዘረጋልን ነው።"

"መርከብ ነው የሚሠሩት" አልኩ።

"መርከብ! ሰበታ ላይ የት ያለ ባሕር አይተሽ ነው?"

"ምጽዋ አለ።"

ጓደኛው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ማኅተሙን ግን መታልኝ።

በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ማርሴይ፣ ከማርሴይ እንደገና በባቡር ቀን ከሌት ተጓዝኩ። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ አብዛኛውን ታምሜ ነው ያለፍኩት። የማስታውሰው በየጣቢያው ያለው ዳቦ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር እየጣፈጠ መምጣቱን ነው። መጨረሻው ላይ ዳቦውም፣ ዓሣውም፣ ሰናፍጩም ስኳር አለው። ሰናፍጭ ውስጥ ስኳር የሚጨምር ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ብዬ ፈራሁ። ዝናቡም እንደኛ አይደለም። የሰበታ ክረምት ይቆጣል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ያባራል፤ ፀሐይ ወጥታ ጭቃው ይጨሳል። የዬተቦሪ ዝናብ አይቆጣም፣ አያባራምም።

አንድ ክፍል ያከራየችኝ ፍሩ ካርልሶን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የዚህ አገር ሰው ያን ጊዜ በደንብ የማያውቀውን ሰው አንቺ አይልም። አንቱም አይልም። ማዕረግሽን እየጠራ፣ አጠገቡ እንደሌለች ሌላ ሴት አድርጎ ነው የሚያወራሽ። ያገባች ሴት ፍሩ፣ ያላገባች ፍሮከን ትባላለች። ፍሩ ካርልሶን የቤቱን ደንብ በእንግሊዝኛም በምልክትም ነገረችኝ።

"ፍሮከን በጓዳው የምትጠቀመው እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ፍሮከን ገላዋን የምትታጠበው ቅዳሜ ነው። ፍሮከን እንግዳ አታመጣም።"

"ለቅሶ ቢደርስብኝስ?" አልኩ።

"ምን ቢደርስ?"

"ሰው ቢሞትብኝ ለቅሶ የሚደርሱኝ ሰዎች ይመጣሉ።"

"ፍሮከን ሰው እንዲሞትባት ትጠብቃለች?"

"አልጠብቅም። ግን ሰው ይሞታል።"

ረጅም ጊዜ አሰበች። "እንዲያ ከሆነ አንድ በአንድ ይምጡ" አለችኝ። "እስከ ሁለት ሰዓት።"

በድርጅቱ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ኢንሸንየር ሊንድ ፊት ቀረብኩ። ኢንጂነርን እነሱ ኢንሸንየር ነው የሚሉት። ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነው። የብረት ተሸካሚ ጭነት ማስላት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እችል ነበር፤ ከሙሴ ጆርጆ ጋር ስንትና ስንት አስልቻለሁ። ነገር ግን ያደግሁት ሰው ፊት እችላለሁ ማለት ነውር በሆነበት ቤት ነው። "ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ" አልኩት። ጻፈ። ምን ያህል ደመወዝ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። "እርስዎ እንዳዩት" አልኩት። በእኛ ዘንድ እንዲህ የተባለ ሰው ክብሩ ስለሚይዘው አስተካክሎ ይሰጣል። እሱ ያየው ከሁሉ ዝቅተኛውን ነበር። እሱን ጻፈ፣ አመሰገነኝ፣ በሩን ከፈተልኝ።

ሥራዬ ሪትቢትሬዴ ይባላል፤ ኢንጂነሮች የሠሩትን ንድፍ በቀለም የሚገለብጡ ሴቶች የሚጠሩበት ስም ነው። ሰበታ ከነበረኝ ሥራ ያንሳል። ሰበታ ቢያንስ ልኬቱን እኔ ነበርኩ የማስተካክለው። ገንዘቡ ወደ ብር ሲመነዘር ብዙ ነበር፤ አባቴም ጎረቤት ሲጠይቃቸው ይህንኑ ይናገሩ ነበር። እዚህ ሲበላ ግን ብዙ አልነበረም። ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረን እንቀመጣለን፤ ኢንጂነሮቹ በወዲያኛው በኩል ናቸው። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። ቡና የምታቀርበው ሴት፣ "ኢንሸንየሩ ቡና ይጨምራል?" ትላለች ለእነሱ። እኛ ስንፈልግ ተነስተን እንቀዳለን።

ከሥራ በኋላ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ቴክኒክ ጅምናዚየም ይባላል። ቋንቋውን ከሒሳቡ ጋር አብሬ ተማርኩ። ዓመታቱን አንድ በአንድ አልቆጥራቸውም። ከሥራ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነው። የሚያስቸግረኝ ድካሙ ሳይሆን ከአገር ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ነበር። ለማ አባቴ ያሉትን ይጽፋል፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ሆንሽ ወይ? ይላል። አልሆንኩም ብዬ እመልሳለሁ።

እናቴ የሞተችው በእነዚያ ዓመታት ነው። ደብዳቤው ሲደርሰኝ አርባዋ አልፏል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ፍሩ ካርልሶን ገባች። ምን እንደሆነ ነገርኳት። ወጥታ ትንሽ ቆየችና ተመልሳ በሩን አንኳኳች። "ከሁለት ሰዓት በኋላም ቢመጡ ምንም አይደለም" አለችኝ። ያን ጊዜ በከተማው ውስጥ የማውቀው የአገሬ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ዲፕሎማውን አገኘሁ። በዚህ አገር ደንብ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ኢንጂነር ይባላል። ኢንሸንየር ሊንድ መተላለፊያውን አሻግሮ በወዲያኛው በኩል ጠረጴዛ ሰጠኝ። ደመወዜን ሲጠይቀኝ አሁን መልሱን አውቀዋለሁ። ቁጥሩን ነገርኩት። ትንሽ ቀነሰና ተስማማን። አጠገቤ ከሚቀመጠው ወንድ አሁንም ያንስ ነበር። ግን ደረጃው ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዘንድሮ የት እንዳለሁ፣ ከርሞ የት እንደምደርስ አንብቤ አውቃለሁ።

የሚያስቀው ነገር በዚያው ሰሞን አገሩ በሙሉ በማዕረግ መጥራትን መተዉ ነው። ዕውቁም ሹሙም አንተ፣ አንቺ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ሊንድ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ስቬን በዪኝ" አለኝ። እሺ አልኩ። ቡና የምታቀርበው ሴት ደግሞ፣ "አንቺ፣ ትጨምሪያለሽ?" አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩለትን ስም አንድም ሰው አፍ አውጥቶ ሳይጠራኝ ቀረ። ለአባቴ ግን ሆኛለሁ ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ቶሎ መጣ። ፋብሪካው ሊሰፋ ነው፣ ኢንጂነር ይፈልጋሉ፣ ነይ ይላል። አባባ እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው ብሎ ለማ በራሱ ስም ጨምሮበታል። እሱ ቡራዩ አግብቶ የብረታ ብረት ሥራ ከፍቷል። ፈቃድ ጠየቅሁ። ሊንድ ጠረጴዛዬን እስከ መስከረም ሊያቆይልኝ ተስማማ። "ትመለሻለሽ?" አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት፤ እውነቴን ነበር። አገሬ ላይ በተማርኩት ሙያ የምቀጠር ከሆነ ልመለስ አላሰብኩም። ካልሆነ ግን ሰበታ ተቀምጬ የሌላ ሰው መስመር በቀለም ልገለብጥ አልችልም። ይህን ለራሴ ቆርጬ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት።

የደረስኩት በሐምሌ ነው። አባቴ አርጅተዋል፤ ከዘራው ሁለተኛ እግራቸው ሆኗል። ያገኘነውን ሰው ሁሉ "ኢንጂነር ልጄ ናት" ይሉታል፣ ባንክ ቤት ዘበኛውን ሳይቀር። ዝም እላቸው ነበር። በዚያ ስም የጠሩኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አቶ መኩሪያ አሁን የፋብሪካው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል። ጠጉራቸው ሸብቷል።

"እንኳን ደህና መጣሽ። ወፈርሽልን" አሉኝ። "ዲፕሎማሽን አስተረጎምኩት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የሚለው።"

"የቴክኒክ ነው። እዚያ አገር ከዚያ የወጣ ኢንጂነር ነው የሚባለው። የሠራሁትን የሚመሰክር ወረቀትም አያይዣለሁ።"

"እዚያ አገር ይባላል። እዚህ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ነው የሚባለው። ይኼንን እኮ ከመሄድሽ በፊትም ጨርሰሽ ነበር።"

"አቶ መኩሪያ፣ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ስንት ነው የሚከፈለው?"

"አምስት መቶ።"

"እኔም የምጠይቀው እሱን ነው። ከነደረጃው። ከዚያ ያነሰ አልቀበልም።"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ውጭ አገር ይኼንን አስተማሩሽ?"

"አዎ" አልኩ።

ማመልከቻዬን መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። ለቦርዱ አቀርባለሁ፣ በነሐሴ መጨረሻ ይወሰናል አሉኝ። ዋናው ኢንጂነር አንድ ሕንዳዊ ነበር፤ እሱም ሊፈትነኝ፣ ሊሠራ የታሰበውን አዳራሽ የጣሪያ ተሸካሚ እንዳሰላ ሰጠኝ። አስልቼ ሰጠሁት። አየውና፣ ለቦርዱ ደግፌ እጽፋለሁ አለ። ስለዚህ ተስፋ ነበረኝ። ትልቅ አልነበረም፣ ግን ነበረኝ።

መጠበቁ ከባድ ሆነ። ዝናቡ አይለቅም። መስከረም ሲገባ ጠረጴዛዬ ለሌላ ይሰጣል። አባቴ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ "መልስ የለም?" ይላሉ። የለም እላለሁ። "ደሞዝሽን ራስሽ ነው የተናገርሽው?" አሉኝ አንድ ቀን። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን በልባቸው አንድ ነገር መቁረጣቸውን አላወቅሁም።

ፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አንድ ዓርብ፣ ኦቦ ጉደታ፣ አቶ ወልዴና ቄስ አበራ በዝናብ ርሰው ቤታችን ገቡ። ነጠላቸውን እሳቱ አጠገብ ዘረጋሁላቸው፤ ሽሮ አቀረብኩ። አባቴ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው በርቷል። ሦስቱን ወደ አቶ መኩሪያ የላኳቸው እሳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለማጋባት ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነው። ለደመወዝ ሲላክ አይቼ አላውቅም፤ አባቴም አይተው አያውቁም። ግን ሌላ መንገድ አልታያቸውም።

"ገና ስንገባ ብድግ አለ" አሉ አቶ ወልዴ። "ተቀመጡ አለን። አንቀመጥም አልነው። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን።"

"እኔማ ልንበረከክ ስል ነው ክንዴን የያዘኝ" አሉ ኦቦ ጉደታ።

"ኧረ አልተንበረከክህም።"

"ልንበረከክ ስል ነው ያልኩት። አንተ እንደሁ ጎንበስም አላልክ።"

"ወገቤ አይታጠፍማ።"

"ወገብህ ሱቅ ውስጥ ይታጠፋል፤ ስንዴ ስትሰፍር አይቼሃለሁ።"

አባቴ ሳቁ። ቄስ አበራ እጃቸውን አነሱ። "ነገሩን እንንገራት። ልጄ፣ ሰውየው መጀመሪያ ቦርድ ምናምን አለ። ወረቀቷ ቦርድ ይገባል፣ ይወሰናል አለ። እኛ ደግሞ ቦርዱን ተወው፣ ሰው ለሰው እንነጋገር አልነው።"

"እሷ ኢንጂነር ካልተባልኩ ብላለች አለን" ቀጠሉ አቶ ወልዴ። "ችግሩ ይኼ ከሆነ ቀላል ነው አልን። ማዕረጉን ተወው፣ እንጀራዋን ስጣት። አባቷ አርጅቷል፣ እናቷ የለችም፣ አጠገቡ ትሁንለት። ሰውየው ደስ ነው ያለው። ወረቀትሽን ከመሳቢያው አውጥቶ እፊታችን ቀደደው። ለእናንተ ስል፣ ዋና ንድፍ ሠሪ አድርጌአታለሁ አለ። መቶ ሰማንያ ብር። ድሮ ዘጠና አልነበረም?"

"ዘጠና ነበር" አሉ አባቴ።

"እጥፉ ነው እንግዲህ።"

"ቦርዱ የሚያየው ሌላ ወረቀት የለም?" አልኩ።

"ምን ያደርጋል? አለቀ እኮ። ሰኞ ትገቢያለሽ። ቃላችንን ሰጥተናል።"

ሁሉም ይጠብቁኝ ጀመር። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ስሜ፣ እሺ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በጾም፣ በዝናብ፣ በእግራቸው ሄደው ለኔ ለምነዋል። የለመኑት ግን እኔ አልፈልግም ያልኩትን ነበር፤ ያገኙትም እሱን ነው።

ተነሳሁ። የሦስቱንም ጉልበት ሳምኩ። "እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከማችሁልኝ" አልኩ። "ሥራውን ግን አልቀበልም።"

ኦቦ ጉደታ ወደ አባቴ ዞሩ። "ደገፋ፣ ኢንታልቲ ኬ ማል ጄቲ?" አሉ። ልጅህ ምንድን ነው የምትለው? ማለታቸው ነው። ቄስ አበራ እርጥብ ነጠላቸውን አንስተው ለበሱ። አቶ ወልዴ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ "ሰኞ ጠዋት መጥተን ይዘናት እንሄዳለን" አሉ ለአባቴ፤ ለእኔ አይደለም። "እስከዚያ ታስብበት።"

ቅዳሜ ሙሉ ቀን አባቴ አላናገሩኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

"ሽማግሌ ገብቶበት፣ ከተሰጠ በኋላ እንቢ የሚባል ነገር የለም" አሉኝ።

"ሳይጠይቁኝ ነው የላኳቸው፣ አባባ።"

"ልጅ ለደሞዟ ራሷ ስትከራከር አይቼ አላውቅም። ሰው ይላካል። እናትሽን ሳገባም እነጉደታን ነው የላክሁት። ያኔም እናትሽ አልተጠየቀችም።" ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉት። "ነገ ካልገባሽ ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ አገር ለኔ ሽማግሌ የሚሆነኝ ሰው የለም። እኔም ለማንም ሽማግሌ አልሆንም። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"ታዲያስ?"

"ኢንጂነር ሆነሽ ነይ ያሉኝ አንቱ ነዎት። ሆኜ መጣሁ።"

"ሆነሽ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ባላስፈለገ ነበር" አሉኝ።

ይህን ሊያናድዱኝ አይደለም ያሉት። የሚያምኑትን ነው ያሉት። በእሳቸው ዓይን ማስረጃው እኔው ነበርኩ። ለዚያ ማሳችን ላይ ችካል ላስመታው ኢንጂነር ስለ ደመወዙ ማንም አልለመነለትም። እጁን ብቻ ነው ያወዛወዘው።

ቤት ገብተን ምሳ በላን። ከሰዓት በኋላ ለማ ከቡራዩ መጣ። ነገሩን ሰምቷል። እኔን ወደ ጎን ወስዶ፣ "አንድ ዓመት ብቻ ሥሪላቸው፤ ከዚያ ብትሄጂ ማንም አይቀየምሽም" አለኝ። አንድ ዓመት ከሠራሁ ጠረጴዛዬ እንደሚያልፍ፣ እዚህም ንድፍ ሠሪ ተብዬ እንደምቀር ነገርኩት። "እሺ፣ አባባስ?" አለ። እሳቸውን አንተ ያዝልኝ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሻንጣዬን ግን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደልኝ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አቁሞ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው በሩ ላይ መጡ። ሙሽራ ሊቀበሉ እንደመጡ ሰዎች ነበር የሚመስሉት። አባቴ ከቤት ወጥተው ነጋ ኬሳኒ ብለው ሰላም አሏቸውና፣ ከእነሱ ጎን ቆሙ። ሻንጣውን ይዤ ስወጣ መጀመሪያ ያዩት ቄስ አበራ ናቸው። መስቀላቸውን ከብብታቸው ያወጡ ይመስለኛል፤ ወይም ልማድ ሆኖባቸው እጃቸው ብቻ ሄዶ ይሆናል። ተሳለምኩ። ኦቦ ጉደታ ሻንጣውን እንጂ እኔን አላዩም። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው የሻንጣውን እጀታ ከእኔ ጋር ያዙት። እንሳሳብ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ለቀቁት።

ከበራችን ወደ ቀኝ ፋብሪካው ነው፤ ወደ ግራ አዲስ አበባ። ወደ ግራ ሄድኩ።